አብሮ መኖር ተመርምሮ እስኪያልቅ አብሮ መኖር ስለ መከልከሉ

ይድረስ በአንኮበር ከተማ የመጤዎችን አኗኗር እንዲመረምሩ ለተሾሙት፣ ለሊቁና ለታጋሹ ለአለቃ ዘርአ ዳዊት።

ክቡር ሆይ፣ የዘንድሮው የሐምሌ ጉም ደረትዎን ሳይነካ፣ ዓይንዎም ከንባብ ብዛት ሳይደክም እንደ ሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም በበኩሌ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን የእኛ የመጤዎቹ ደህንነት ገና በምርመራ ላይ ስለሆነ፣ ውጤቱን ቀድሜ መናገር ድፍረት ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት።

ከሰው ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ከጋይንት መጥቼ ከገበያው በላይ የምኖረው በርኖስ ሰፊው ወልደተንሣኤ ነኝ። ጸሐፊዎ ከየት መጣህ፣ ለምን መጣህ፣ የአገሬው ሰው ይወድሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ፣ መልሴን ይዞ ከሄደም በኋላ ያንኑ ሊጠይቀኝ ደጋግሞ የተመለሰብኝ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ በመላክ ፈንታ ደብተራ ብርሃነ መስቀል በገበያ መካከል እንዲያነበው መስጠቴ ክብርዎን ለማጉደል አይደለም። እጅዎ ከገባ ነገር ተመልሶ የወጣ ስላላየሁ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ከእርስዎ በፊት በዚህ ከተማ ሰው ከሰው ጋር የሚኖረው እንዲያው በዘፈቀደ ነበር። የሐረሩ ነጋዴ ሲታመም የመንዝ የሱፍ ባና የምትሸጠው ነባር ሴት ገንፎ ታደርስለታለች፤ የጎጃሙ ሸማኔ ከነባሮቹ ጋር ለቅሶ ይቀመጣል፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ግን የጠየቀ አልነበረም። እርስዎ በሊቅነትዎ ይህ መመርመር አለበት አሉ፤ ሲመረመርም መነካካት የለበትም አሉ። ስለዚህ መጤና ነባር እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ተመርምሮ እስኪያልቅ ድረስ፣ መጤና ነባር እንዳይቀላቀሉ በአዋጅ ከለከሉ፤ ቢቀላቀሉ ምርመራው ይበላሻልና። እኔ መርፌና ክር ብቻ የማውቅ ሰው በመሆኔ የዚህ ጥበብ ጥልቀት መጀመሪያ አልታየኝም ነበር። አሁን ቤቴ ድረስ ስለ መጣ በደንብ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ በትዕግሥትዎ ተማምኜ ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከጎረቤቶቻችን ጋር የምንጠጣው የሚካኤል ጽዋ ቀርቷል። ተራው የእኔ ነበር። ጠላው ደርሶ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ደጄ ላይ ሲደርስ ጸሐፊዎ መካከል ገብቶ መለሰው። እኔና ባለቤቴ አስካለማርያም ጠላው ሲሆመጥጥ እያየን ተቀመጥን፤ ለምርመራው ይጠቅማል ካሉ ስለ መሆምጠጡ ምስክርነት ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ሁለተኛ፦ መቀላቀል ካልተፈቀደልኝ አገሬ ልግባ ብዬ ጓዜን ጭኜ ወደ ኬላው ብሄድ፣ ጠባቂው በእርስዎ ትእዛዝ መለሰኝ። ከመጤዎች አንዱ ከሄደ ቁጥሩ ይጎድላልና ምርመራው እስኪያልቅ መውጣት የለም አለኝ። በከተማው ውስጥ ከሰው እንዳልቀላቀል እንግዳ ነኝ፤ ከከተማው እንዳልወጣ ደግሞ የከተማው ሰው ነኝ። በአንድ ሰው ላይ መግቢያውም መውጫውም በአንድ ቀን ሊዘጋ እንደሚችል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ለትምህርቱ ባለውለታዎ ነኝ።

ሦስተኛ፦ ይህን መጀመሪያ መጻፍ ሲገባኝ እጄ ፈርቶ ነው ወደ ኋላ ያቆየሁት። ልጄ ሰማንያ ቀኗ ካለፈ ሰነበተ፤ ክርስትና ግን አልተነሣችም። ክርስትና እናት ልትሆናት በአፏ ቃል የገባችው ጎረቤታችን ወለተሐና ናት፤ አስካለማርያም ስታምጥ ወገቧን ደግፋ ያነጋች፣ ልጂቱንም ከእናቷ ቀድማ ያቀፈች። ወለተሐና ግን ነባር ናትና አዋጅዎ ያዛት። ከመጤዎቹ መካከል ሌላ ሴት እንዳልለምን፣ የጎጃም ሸማኔዎች ሚስቶቻቸውን አገር ቤት ትተው የመጡ ናቸው፤ የሐረር ነጋዴዎቹ ሴቶች ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና አብረውን አዝነዋል፤ ነገር ግን እስላሞች ናቸው። መምሬ ኃይለ ገብርኤልም ከውኃው የሚቀበላት ሳይኖር ማጥመቅ አልችልም አሉ። እሳቸውም አዋጅዎን ይፈራሉና አልቀየምኳቸውም።

ልጂቱን ሳል ይዟታል። ትንፋሿ ሲቆራረጥ እናቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላ ታድራለች። ክርስትና ሳትነሣ ብትሞትብን በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ እንደማትቀበር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ሊቅ ነዎትና። እፈራለሁ፣ ጌታዬ። ይህችን ቃል አሳምሬ ልጽፋት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጸሐፊዎ ሥራውን የማይዘነጋ ሰው መሆኑን ግን ሳልመሰክርለት አላልፍም። ልጂቱን ሊመዘግብ መጥቶ ከየት እንደ መጣች ጠየቀኝ። ከዚህ መደብ ላይ ነው ብዬ ባሳየው ራሱን ነቀነቀና፣ መጤ ናት፣ የመጣችበትን አገር ተጠይቃ አልመለሰችም ብሎ ጻፈ። ስትጠየቅ አፏን ከፍታ እንዳለቀሰች ግን አልጻፈም፤ ያ መልስ ከሆነ ይጨመርልኝ።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ፤ አንዱ ስለ ምንጩ ውኃ፣ አንዱ እሳት ከጎረቤት ስለ መጫር። ሦስተኛውን ከጻፍኩ በኋላ ግን ትንንሽ ሆኑብኝና ተውኳቸው።

ደጅዎ መጥቼ ለልጄ ብቻ እንዲፈቅዱልኝ ስለምንዎ፣ ምርመራው ሲያልቅ ሁሉም ይፈታል አሉኝ። መቼ ያልቃል ብዬ ብጠይቅ፣ እስካሁን የተደረሰበት ነገር መጤዎች ከነባሮች ጋር የማይቀላቀሉ መሆናቸው ነው፤ ለምን እንደማይቀላቀሉ ደግሞ ገና መመርመር አለበት አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ፊትዎን አይቼዋለሁ፤ እየቀለዱ አልነበረም። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

እግዚአብሔር የእርስዎን ዕድሜ ያርዝመው፤ የምርመራዎን ግን በቸርነቱ ያሳጥረው። ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ የሰውን ኑሮ ሁሉ የሚያውቁበትን ጸጋ ያብዛልዎ፤ እኛንም ተመርምረን ከማለቃችን በፊት አንድ ቀን እንድንኖር ያብቃን።

መግባትም መውጣትም የሌለው ታዛዥዎ፣ በርኖስ ሰፊው ወልደተንሣኤ።
በአንኮበር፣ በሐምሌ ወር በ፲፰፻፸፮ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ።

ከስሜ በታች የጨመርኩት፦ ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ነገር ሆነ። ወለተሐና ጸሐፊዎ ዘንድ ሄዳ እኔም መጤ ነኝ ብላ ተመዘገበች። ከየት መጣሽ ቢላት ከአጥሩ ወዲያ አለችው፤ ትጉህ ነውና ጻፈው። መጤ ከመጤ ጋር መዋሉ ስላልተከለከለ ልጄን በፊታችን እሁድ ከውኃው ትቀበላታለች፤ መምሬም እሺ ብለዋል። ከእንግዲህ ደብረ ሲና ያሉ እናቷን ልትጠይቅ ብትነሣ ኬላው እንደማያሳልፋት ነግሬያት ነበር፤ አውቃለሁ ብላ ልጂቱን ተቀበለችኝ። ጌታዬም ለምርመራዎ ይረዳዎት እንደሆነ መጥተው ቢያዩ ደስ ይለናል። ነገር ግን እርስዎ ነባር ስለሆኑና ከእኛ ጋር መቀላቀል ክልክል ስለሆነ፣ ዝናብም ቢጥል ከደጅ ቆመው ይመልከቱ።