በአል-ዐሪሽ በኩል ያለው መብራት

ዓደን፣ ሐሙስ፣ ሻዕባን ፱

ዛሬ ባሕር ላይ ዓሣ ከምናረባበት መረብ ውስጥ፣ ዓሣው እንዲያድግ ማታ ከምናበራቸው መብራቶች በአል-ዐሪሽ ሰፈር በኩል ያለው ውሃ ገባበትና ጠፋ። ባለቤቴ ዘይነባ ከምትሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ሆና በየመግሪቡ የምታየው እሱን ነው። ከበራ፣ ከጠለቅሁበት ውሃ በሰላም ወጥቼ አበራሁት ማለት ነው።

አለቃዬን ዐሚ ሳሌሕን፣ ከወዲያኛው ጎን አንዱን እንድናመጣ ለመንኳቸው።

«ያ ወለዲ፣ ዓሣው በየት በኩል ቢበራለት ምን ገዶት!» ብለው ተቆጡ። እየተቆጡም ገመዱን ራሳቸው ፈቱልኝ። ሆደ ቡቡ ናቸው።

ውሃ ውስጥ አውርደን አበራነው። ወዲያው ደወለች።

«የዛሬው ብርሃን ደብዝዟል፤ አሞሃል እንዴ?»

ደህና ነኝ አልኳት። የሌሎቹን መብራቶች መስታወት አረንጓዴ ልጋግ እንደዋጠው፣ በየቀኑ ስፈገፍግ የኖርኩት የሷን ብቻ እንደሆነ ግን፣ ወላሂ፣ ዐሚ ሳሌሕ አጠገቤ ቆመው እንዴት ብዬ ልንገራት?