የአባባ አምፕሊፋየርና ከጀርባው ያለችው ቁጥር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ሥራ ሲበዛብህ ምግብ እንደምትረሳ ስለማውቅ እሱንም እጠይቅሃለሁ፤ እየበላህ ነው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቀለል ብሎላት ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ትወጣለች። አባባ ደግሞ ከደህናም በላይ ናቸው። ዛሬ የምጽፍልህም ስለዚያ ነው።

የላክኸው የጊታር አምፕሊፋየር ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። አሮጌው ከተቃጠለ ወዲህ አባባ ጊታራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ አቧራውን ከመጥረግ በቀር ዘጠኝ ዓመት እንዳልነኩት ታውቃለህ። ካርቶኑን ሲያዩ ጊታሩን ከግድግዳው አወረዱት። ወዲያው ድሮ አብረዋቸው ይጫወቱ የነበሩትን ከበሮ መቺ አስጠሩ፤ እሳቸውም ቁርሳቸውን ጥለው መጡ። አባባ ውስጡ ያስቀመጥካትን ብጣሽ ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡልን፤ «ሰክቶ መጫወት ብቻ ነው» ትላለች። ወንድም ጋሼ፣ እግዜር ይይልህ።

የገመዱ ጥርስ ከግድግዳችን ሶኬት ጋር አልገጥም ሲል፣ ከበሮ መቺው ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ አዳፕተር ገዝተው መጡ። አዳፕተሩ ግን የጥርሱን ቅርጽ እንጂ የመብራቱን ኃይል አይቀይርም። እኔ የዕቃውን ጀርባ ለማየት ተንበርክኬ ነበር። ከገመዱ መግቢያ አጠገብ አንዲት ትንሽ ክብ መምረጫ አለች፤ ቀስቷ 120 ቮልት ላይ ቆማለች። አንተ ያለህበት አገር መብራት የእኛን ግማሽ መሆኑን ረስተኸው ነው መቼም። ቀና ስል አባባ ገመዱን ይዘው ግድግዳው ሥር ደርሰዋል።

«አባባ፣ ይቆዩ። ይቃጠላል» አልኳቸው።

ከበሮ መቺው ሳቁብኝ፤ እኛ መድረክ ላይ ስንሰካ ይህች ልጅ ገና አልተወለደችም አሉ። እማዬ ከማድቤት ሆና፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ስትል ሰማኋት። ጋራዥ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ስጠመጥም ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አባባ ግን ቢሮ እንድቀመጥላቸው ይመኙ ስለነበር፣ እንግዳ ሲጠይቃቸው «እዚያ ፋብሪካው አካባቢ ናት» ብለው ያልፉታል። አሁን ግን አዩኝ፣ አዩኝና ገመዱን እጄ ላይ አኖሩት።

«የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉ።

ወንድም ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አለቅስ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሥራ ነበረብኝ። የግድግዳውን ሶኬት በቴስተር ለካሁ፤ 224 አለ። ገመዱን ከዕቃው ነቅዬ፣ መምረጫዋን በካቻቢቴ 230 ላይ አዞርኳት። ከሥሯ ለ120 ባለ አራት አምፔር፣ ለ230 ባለ ሁለት አምፔር ፊውዝ ይግባ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ በብስክሌት ወደ ጋራዡ በርሬ ባለ ሁለቱን አመጣሁ። ስመለስ አባባ አዲስ ክር አስረው፣ ጊታሩን አቅፈው ይጠብቁኛል።

ፊውዙን ቀይሬ ሰካሁት። ቀይ መብራቷ በራች፤ ድምፅ ግን የለም። ከበሮ መቺው «ገደለችው» ብለው አጉረመረሙ። ኋላ ግን ውስጡ እንደ ድሮ ሬዲዮ መጋል ያለባቸው አምፖሎች እንዳሉት ትዝ አለኝና ትንሽ ታገሡ አልኳቸው። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፣ አባባ አንዷን ክር ነካ ሲያደርጉ የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ።

ከዚያማ ምን ልበልህ። ምሳው ቀዘቀዘ፣ ከበሮ መቺው የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ደፍተው መምታት ጀመሩ፣ እማዬም በማማሰያ የድስቱን ክዳን እየመታች ገባች። የጎረቤት ሰው በሩን ሞላው። አንዱ ማን አስተካከለው ብሎ ቢጠይቅ፣ አባባ ጣታቸውን ከክሩ ሳያነሡ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ሰኞ ደግሞ ጋራዡ መጡ። አለቃዬ ምን ልታዘዝ ሲላቸው «ልጄ ስትሠራ ላያት ነው የመጣሁት» አሉት። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ የውኃ ፓምፕ ሞተር ስጠመጥም ዙሩን ከእኔ ጋር በለሆሳስ ሲቆጥሩ ቆዩ። ሰባ ሦስተኛው ላይ ስቼ ያረሙኝ እሳቸው ናቸው።

እማዬ አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች፤ ሳልህን በሞቀ ውኃና በማር ብላሃለች። ከበሮ መቺው ሰላም ይሉሃል፤ ለራሳቸው የሚሆን ከበሮ መላክም እንዳትረሳ ብለዋል። አባባ ደግሞ ምርቃታቸውን ከላኩ በኋላ፣ ከእንግዲህ መብራት የሚነካ ዕቃ ከመላክህ በፊት እኅትህን ጠይቅ ብለውሃል።

የምትወድህ ታናሽ እኅትህ

ከቤት፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ፣ ሐሙስ፣ ሰኔ 4 ቀን