ፊቴ የተለጠፈበት ጠርሙስ

ሰኞ ጠዋት፣ ከላቦራቶሪ

ውድ አባዬ፣

እንደምነህ ልልህ ብዕር ሳነሳ ታናሽ እህቴ የጠርሙሱን ፎቶ ላከችልኝ። ሳሎን የሰቀልከው የምረቃ ፎቶዬ መድኃኒት ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩ “የኩላሊት ደም ሥር ማፍታቻ” ይላል። ለካ ይህን የሚሸጠው አጎቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ ከግድግዳህ ላይ በስልኩ አንስቶኛል። እንትፍ።

የምሠራውን ከኔ ስማው። ከእንስሳ ኩላሊት ክር የምታህል ደም ሥር ቆርጬ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በቀጭን ሽቦ እወጥራታለሁ። መጀመሪያ በመድኃኒት አኮማትራታለሁ። ከዚያ ፔፕታይድ የሚባል፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ እንደ ሆርሞን መልእክት የሚያደርስ የፕሮቲን ቁራጭ ጠብ ሳደርግባት ቀስ እያለች ትላላለች። ሳያት ደስ ይለኛል። ግን እሷ ያለችው ሳህን ውስጥ ነው። አንተ ብትጠጣው ጨጓራህ እንደበላኸው ሥጋ ይፈጨዋል፤ ኩላሊትህ ወሬውንም አይሰማም። ያውም ጠርሙሱ ውስጥ ካለ ነው። እህቴ ቀምሳው “ስኳር ውሃ ነው” ብላኛለች።

አጎቴስ ለምዶበታል፣ ማር ምላስ። አንጀቴን ያሳረረኝ አንተ የግፊት ክኒንህን መተውህ ነው። እህቴ ለምን ስትልህ “ልጄ የሠራችው እያለ የሰው ክኒን ምን ያደርግልኛል” ብለሃታል። ጠርሙሱን ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለህ አሉ። እግርህ አብጦ ጫማ እንቢ ማለቱን ግን ለማንም አላሳየህም።

አባዬ፣ ቁርስ መብላት አቅቶኛል። ስኳር ውሃውም፣ አጎቴም ያስጠሉኛል፤ ከሁሉም በላይ የሚያቅለሸልሸኝ እዚያ ወረቀት ላይ ጥርሴን ገልጬ መሳቄ ነው። አንተ ስትታመም እየሳቅሁ የማይህ ይመስለኛል።

ዛሬውኑ ድፋውና ከእህቴ ጋር ሐኪም ቤት ሂድ። ስለ ክኒኑ ሐኪሙ ያለህን አድርግ። በኔ ሞት፣ እንቢ እንዳትል።

እህቴ አንድ ነገር ጨምራ ነግራኛለች። ባዶዎቹን ጠርሙሶች አትጥላቸውም አሉ። ከአልጋህ ራስጌ ደርድረህ፣ ፊቴን ወደ አንተ አዙረህ ትተኛለህ። ይህን ስሰማ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ በዚህ ወር እመጣለሁ። እስከዚያ ሐኪሙ ያዘዘልህን እየዋጥክ ጠብቀኝ። ያ ጫማ እግርህ ገብቶ በር ላይ እንድትቀበለኝ ፈጣሪ ይርዳህ።

ጠርሙሱ ላይ የሌለችው፣
ጨቅጫቃዋ ልጅህ