ከዋግምቱ በኋላ ያልቆመው ደም

ባሕር ዳር፣ ማክሰኞ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ከጀመርሁ ዛሬ ዐሥረኛ ቀኔ ነው። ሐኪሙ «ልብሽ ምቱን ይስታል፤ ደም ረግቶ ጭንቅላትሽ ውስጥ እንዳይገባ ይህን ትውጫለሽ። ጥርስ እንኳ ሳልፈቅድልሽ እንዳታስነቅዪ» ብሎኝ ነበር። የአገሩን ሁሉ ወሬ በመጽሔት የምዘራ ሴት የራሴን ደበቅሁ። ለእማዬ ጨጓራ ነው አልኋት።

እሷ ደግሞ ድካሜን አይታ ከወንዛዬ ዋግምት የሚያግም ሽማግሌ አስመጣች። እምቢ ብል ምክንያቱን ልትጠይቀኝ ነው፤ ልብሴን ገልጬ ጀርባዬን ሰጠሁ። ሽማግሌው በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ ቀንዱን ደፋብኝ፣ ደሜን መጠጠና «አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ይደርቃል» ብሎ ሄደ።

አልደረቀም። ከቀትር ወዲህ ሦስተኛ ነጠላ አራስሁ። እማዬ ጨርቁን ባየች ቁጥር ፊቷ ይበራል።

«እሰይ! ይውጣ፣ ክፉው ደም ነው። ነገ እንደ ጥጃ ትፈነጫለሽ!»

ሆስፒታል ውሰጂኝ ለማለት የልቤን ነገር መናገር አለብኝ። «እማዬ፣ እስኪ ቁጭ በይ» ልላት አፌን እከፍትና እመልሰዋለሁ። ወንድሜ ጦር ሜዳ የቀረ ጊዜ መርዶውን ያረዳኋት እኔ ነኝ። ያን ቀንም «እማዬ፣ እስኪ ቁጭ በይ» ብዬ ነበር የጀመርሁት።