ዓይናዲስን ልሰድልዎ ነው

ለእትዬ ወለተ ሰንበት፤ ወልዲያ

እንደምን ከረሙልኝ እህቴ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? ያ ብርድ በነካው ቁጥር የሚቆረጥምዎ ጉልበትዎ ተሻለዎ? የባለቤትዎ የጋሼ ካሤ ሳልስ ለቀቃቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ መኖር ከተባለ። ፊደሌ ቢጣመም አይሳቁብኝ። ባለቤቴ ቄስ የኔሰው ልጃችንን ዓይናዲስን ሲያስተምሯት እኔም ጥጥ እየፈተልኩ ከጎኗ የለቀምኩት ነው። ሰው ሳላስቸግር በእጄ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እንደሚያውቁት ልጄ ምንዋጋው የሰኔ ፈተና እንዳያመልጠው ብሎ የሞላ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከቀረ ወዲህ፣ አባቱ ዓይናዲስን ትምህርት ቤት አልሰድም አሉ። ወንዙ አንዱን ወስዷል፣ ሁለተኛዋን በእጄ አልሰጠውም አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃፍ ተቀምጠው ፊደሉን፣ ዳዊቱን፣ ድምሩን፣ ቅነሳውን ያስተምሯታል። ልጅቱ እሳት ናት፤ የወለድኳት ስለሆንኩ አይደለም።

በነሐሴ ግን ዘበነ የሚባል የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር መጣብን። ለትምህርት የደረሰች ልጅ ቤት አስቀምጣችኋል ተብለን ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ዳዊት ስትደግም ቆሞ ሰማት። ከዚያ ለአባቷ፣ የእርስዎን ትምህርት የሚንቅ የለም አባ፣ ነገር ግን ልጅ በቤቷ ብቻ ትማር የሚል መመሪያ የለኝም አላቸው። ትመዝገብ፣ ትፈተን፣ በሚገባት ክፍል ትግባ፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ካልሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይሄዳል አለ። ነገ ስምንተኛ ክፍል ልፈተን ብትል የት ተማርሽ ሲሏት ምን ትመልሳለች ብሎም ጠየቃቸው። ቄሱ ዳዊቱን ከልጅቱ እጅ ተቀብለው ከደኑት። እኔ ልጁን ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ስለ ነገረን አቃተኝ።

ወንዙ ጎደል ባለ ቀን አባቷ ለፈተናው አዝለው ወደ ትምህርት ቤቱ አሻገሯት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ መሬት ሊጎተት ምንም አልቀረው። ሒሳቡን እንደ ለመደችው በግእዝ ቁጥር ሠርታ ሰጠች። መምህሩ ተቀምጦ አንድ በአንድ ወደ ትምህርት ቤቱ ቁጥር ሲመልሰው አንዱንም አልሳተችም። እንግሊዝኛው ግን ባዶ ሆነና ሦስተኛ ክፍል ትግባ አሉ። ከትንንሾቹ ጋር መቀመጡን ከምንም አልቆጠረችው፤ ደስታዋን ቢያዩት። አባቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አላቸው። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ወጥተው ወደ ወንዙ ያያሉ።

አንልክም ብንል ሕግ አለ፤ እንላካት ብንል ወንዝ አለ። ሰቆጣ ቤት ተከራይተን ብቻዋን እንዳናስቀምጣት ገና ልጅ ናት። እርስዎ፣ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠኝምና ዓይናዲስን ላሳድጋት ብለውኝ ከጉያዬ አላወጣትም ያልኩዎ እኔ፣ ዛሬ ይኸው ለምኜ እሰጥዎታለሁ። ውሃው ሲጎድል አባቷ አሻግረው፣ ከሰቆጣ በአውቶቡስ ያደርሷታል። የክፍሏን ወረቀት ይዛለች፤ ምዝገባው ሳይዘጋ ያስመዝግቡልኝ።

አማርኛዋ እንደ አገውኛችን ኽምጣንጋ ኽምጣንጋ ይላል። የከተማ ልጆች ቢስቁባት ያባብሏት፤ እርስዎም ካልረሱት በቋንቋችን ያጫውቷት። ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ ወንዙ ስለሚሞላ አባቷ ወደዚህ እንዳትመጣ ብለዋል። የጥሯን አጭር ዕረፍት መንገዱ ይበላታል። እንግዲህ መቼ እንደማያት አላውቅም እህቴ።

ጋሼ ካሤን፣ ጉልበትዎን ስማለች ጥሩሐረግ ይበሉልኝ። አብራችሁ የምትኖረውን ሠራተኛችሁን ባንቺን፣ ጎረቤትዎን እማሆይ መስታወትንም ሰላም ይበሉልኝ። ቄስ የኔሰው በጸሎት ያስቡዎታል። ዓይናዲስ ለመንገዱ ልብሷን አጥባ ድንጋይ ላይ አስጥታለች፤ ትስምዎታለች፣ እጅ ትነሣለች። ቤትዎ ገብታ ድንገት ሳታስበው እማዬ ብላ ብትጣራ፣ እርስዎ ወዬ ይበሏት።

እህትዎ ጥሩሐረግ
ሰቆጣ ዙሪያ
መስከረም ፬ ቀን ፲፱፻፺፯ ዓ.ም.