የልጅሽ ፎርም

ለታናሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃ ካልወጣሁ ዝም ይላል፤ ቤቴ ግን አራተኛ ፎቅ ነው።

ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም። የነርስ ትምህርት ቤቱ ልጅሽን አልተቀበላትም። ትናንት ሰሌዳው ላይ ስሟን ሦስት ጊዜ ፈለግኩት፣ የለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢሮ ገባሁና ፀሐፊዋን ብጠይቃት ፎርሙን አውጥታ አሳየችኝ። ማህተሙ ፎቶዋ ላይ አላረፈም። ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ መሆን እንደነበረበት፣ እንዲህ ያለውን ገልጠው እንኳን እንደማያዩት ነገረችኝ። ያ ሁሉ ነጥቧ ሳይታይ ቀረ። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዕድሜ ገደቡ ያልፍባታል።

ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት እንዴት ይህ ያመልጣታል እንደምትይ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። በዚህችው ጉድለት ብቻ በየቀኑ ስንቱን ባለጉዳይ ከመስኮቴ እመልሳለሁ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ከሩቅ መጥተው፣ ማህተማቸው በጣት ስፋት ፎቶውን ስቶ ስለነበር መለስኳቸው። ቢለምኑኝም አልሰማሁም። ዋሷ እኔ ሆኜ የመሥሪያ ቤቴ ማህተም ያስፈልግ ስለነበር የልጅሽን ፎርም የመታሁት እኔው በእጄ ነኝ፤ ቀለሙን አጥግቤ፣ ቀጥ አድርጌ። ያምራል። ብቻ ፎቶው ላይ አይደለም። ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ፎርሙን ስትልኪልኝ ሕይወት ሰውን ወዴት እንደምትወስደው አይታወቅም ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ይህንኑ ያኔ አግብተሽ ስትሄጂ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ቆመሽም ብለሽኛል። እማዬ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለተኛ ወሯ ነበር። ባልሽ ታች መኪናው ውስጥ ሆኖ ጡሩምባ ይነፋል። አቅፈሽኝ፣ ወዴት እንደምንደርስ ማን ያውቃል አልሽኝ። እኔ አውቅ ነበር። በማንኪያ ማጉረስ፣ ጨርቅ መቀየር፣ ከጎን ወደ ጎን ማገላበጥ፤ አሥራ አንድ ዓመት! ሊያገባኝ የጠየቀው አስተማሪ ሦስቱን ዓመት ጠብቆ ሌላ አገባ፤ አልፈርድበትም። አንቺ አልፎ አልፎ ሽቶ ትልኪልን ነበር። ያ ቤት ሽቶ ምን እንደሚያደርግለት አላውቅም። እማዬ በመጨረሻ ዓይኗ ሲደክም አንቺ የመጣሽ መስሏት በስምሽ እየጠራች ስትስመኝ፣ አዎ መጣሁ እላት ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ ተናድጄ አይደለም። ምን ልዋሽሽ፣ ተናድጄ ነው። ልጅሽን ግን እወዳታለሁ፤ ሳቋ የእማዬ ነው።

ስለዚህ እዚያ ተቀምጣ ከምታለቅስ ወደ እኔ ላኪያት። ሐኪሙ ጉልበቴ እየባሰ እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ነግሮኛል። ገበያ ትሄድልኛለች፣ ደረጃውን ትወጣልኛለች፣ ማታ ማታ እናወራለን። ነርስነቱም ካማራት በእኔ ትለማመዳለች። ለስንት ጊዜ ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔንም ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ማረፊያዋን አታስቢ። የእማዬን ክፍል አስጠርጌ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቻለሁ፤ አናጢ ጠርቼም አልጋውን አስጠግኜዋለሁ። ይህ ሁሉ የተሠራው ፎርሙን በላክሽልኝ ሳምንት ስለሆነ፣ የቀለሙ ሽታ አሁን ለቅቋል፤ አያስቸግራትም።

ባለቤትሽን ሳሚልኝ። ቤትሽን ሰላም አይንሳው፤ ልጆችሽንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ሁሌም የምታስብልሽ፣
ታላቅ እህትሽ