ግድግዳው ላይ የለጠፍሁት ደብተርህ

ጌታሁኔ፣ የልጄ አባት፤

እንደምን ሰነበትህ ብል መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ አፌ ግን ሌላ ሰላምታ አልለመደም። ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ተዝካርህን አውጥቻለሁ፤ እኔም ደህና ነኝ።

ቤቱ ትንሽ ተለውጧል። የጓሮውን ባሕር ዛፍ አስቆርጬ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀየርሁ። በመግቢያው በኩል ያለችውን ክፍል ለአንዲት መምህርት አከራየኋት። ሰዓዳ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት፤ እዚሁ ቁይ ከተማ እንዳንተ አማርኛ ታስተምራለች። በእኔ ጾም እሷ የሥጋ ወጧን ደጅ አታወጣም፤ በእሷ ጾም እኔ ውሃዬን ጓዳ ገብቼ እጠጣለሁ። እንዲህ ተሳስበን አለን።

ዛሬ የጻፍሁልህ ግን ይህን ለመንገር አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት በሆዴ ያቆየሁት ነገር አለ።

ልጃችን ትዕግሥት የሞተች ዕለት እኔ ደብረ ወርቅ ገበያ ነበርሁ። ጠዋት ስወጣ ጉንፋን ቢጤ ይዟት ነበር። ማታ ስመለስ ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ማንም አልወቀሰኝም፤ አንተም አልወቀስኸኝም። እኔ ግን ወቀሳውን ከሰው ሁሉ ዓይን ውስጥ ስፈልግ ኖርሁ።

በዓመቱ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ በእጅህ የጻፍህበትን አንድ ደብተር ሰጠኸኝ። ማንበብ እችል ነበር፤ የጎረቤት ልጆችን ፊደል ስታስጠና ከጓዳ እያየሁና እየሰማሁ በራሴ የለቀምሁት ነው። «ጊዜ ስታገኚ እይው፤ ከዚያ ምን እንደተረዳሽ ንገሪኝ» ብለኸኝ ወደ ሥራህ ሄድህ። የመጀመሪያውን ገጽ ጣቴን እያስከተልሁ አነበብሁ። «እናቷ ገበያ ሄዳለች። ልጅቱ ታቃስታለች» ይላል። ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥሁም። «በአፉ ያልደፈረውን በብዕሩ ተናገረኝ» አልሁ በልቤ።

ያን ሰሞን ለበዓሉ ቤት እየለሰንሁ ነበር። እንደምታውቀው በእኛ ሰፈር ልስኑ ሲደርቅ ጋዜጣና ያለቀ የተማሪ ደብተር ይለጠፍበታል። የዱቄት ሙጫ አፈላሁና ደብተርህን ገጽ በገጽ ገንጥዬ መኝታችን ራስጌ ለጠፍሁት። አንዱን ቀጥ አድርጌ፣ አንዱን ዘቅዝቄ፣ አንዳንዱንም ጽሑፉን ወደ ጭቃው አዙሬ። ከሥራ ስትመለስ ኮትህን እንኳ ሳታወልቅ ቆመህ አየኸው። «ለብርድ ጥሩ ነው» አልህ። ከዚያ ወዲያ የተማሪ ፈተና ከማረም በቀር ብዕር ስትይዝ አላየሁህም። ያን ቀን ያሸነፍሁህ መስሎኝ ነበር።

አንተ ካለፍህ በኋላ ሳጥንህ ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ ጨረስሁ። አንባቢ የሆንሁ መሰለኝ። ኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ ሰዓዳ ቤት ዋለች፤ አንድ ቀን የያዝሁት ልብ ወለድ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ስለ አንዲት ጨካኝ ሴት ነው» አልኋት።

«እትዬ፣ ጨካኝ የሚለው የቱ ጋ ነው? መስመሩን ያሳዩኝ እስቲ።»

ፈለግሁ፤ የለም። ከት ብላ ሳቀችብኝ። «እንኳን ዳኛ አልሆኑ! እስር ቤቱ ሞልቶ እኔም አልተርፍ!» አለችኝ።

ከዚያ ጀምሮ እንደ ተማሪ ያዘችኝ። አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ታስነብበኛለች። ከዚያ መጽሐፉን ታስከድነኝና በጥቂት ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ ትላለች፤ መቼም «ይንገሩኝ» ነው የምትለኝ፣ አክባሪ ናት። ማሳጠር ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ያልወደድሁትን እጥላለሁ፣ ያልተጻፈውን እጨምራለሁ። «ይህን ያለው ጽሑፉ ነው ወይስ እርስዎ?» ትለኛለች በየመሃሉ። ደግሞም የሚተርከው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ምንም እንዳልፈርድ ከለከለችኝ።

አንድ ቀን ይህንኑ ስለማመድ እርሳሴን አስቀመጥሁ። ከአንድ ገጽ በቀር ስላላነበብሁት፣ ያንተን ታሪክ ማን እንደሚተርከው እንኳ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ሁሉንም ለሰዓዳ ነገርኋት። አላጽናናችኝም። «ውሃ እናሙቅ» አለች።

በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እያለሰለስን ግድግዳውን አራት ቀን ላጥነው። ኋላ በየበዓሉ በላዩ ሌላ ወረቀት ስለደረብሁበት ቀለሙ ብዙ አልደበዘዘም። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነበር፤ አሥራ ሰባቱን አተረፍን፤ ሁለቱን አይጥ ከነሙጫው በልቶታል። የገጽ ቁጥር አልጻፍህበትም። የቱ ዓረፍተ ነገር ለየትኛው እንደሚቀጥል እያነበብን፣ ወለሉ ላይ ዘርግተን በሳምንት አሰካካነው። አንድን ጽሑፍ እንዲህ ቀርቤው አላውቅም።

የሚተርከው አባትዮው ነው። ሚስቱን «ሂጂ፣ እኔ አለሁላት» ብሎ የላካት እሱ ነው። የፈተና ወረቀት እያረመ የልጅቱን ማቃሰት ይሰማል፤ ይቺን የአንድ ክፍል ወረቀት ልጨርስ ይላል። ሲጨርስ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ሂጂ እንዳልኸኝ አስታውሳለሁ። ስለ ፈተና ወረቀቱ ግን አላውቅም ነበር። ምን እንደተረዳሽ ንገሪኝ ያልኸኝ ለዚህ ኖሯል። እኔ በሙጫ መለስሁልህ።

መጨረሻው ገጽ ከጠፉት አንዱ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ገጽ «ሚስቴ ደጃፉን አልፋ ስትገባ» ይልና ይቆማል። ይቅር ተባባሉ ብዬ ልጨርሰው እጄ ቋምጦ ነበር። አላደረግሁትም። ሁሉንም በአዲስ ደብተር ስገለብጥ የጠፉትን ሁለት ገጾች ባዶ ተውኋቸው። አንተ ያላልኸውን ካሁን በኋላ በአንተ ስም አልናገርም።

ያነበብሁትን ግን እነግርሃለሁ። በአሥራ ሰባቱ ገጽ ውስጥ እናቲቱን የሚወቅስ አንድ መስመር የለም፤ ደጋግሜ ፈልጌ አጣሁ። አባትዮውን ግን በየገጹ እሱ ራሱ ይከሰዋል። አሁን ደግሞ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ጽሑፉ አይደለም፤ ጌታሁኔ፣ አላጠፋህም። ስንቱ ልጅ አቃስቶ አድሮ ጠዋት ሲሮጥ አይተናል። ይህን ያኔ ከአፌ ልትሰማው ይገባህ ነበር። የኔ ጥፋት እሱ ነው፤ ገበያው አይደለም።

ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። የፊታችን ሰኞ ታሪክህን ለሰዓዳ ተማሪዎች አነባለሁ፤ እሷ ላንብብልዎት ብላኝ እኔው ነኝ አልኋት። የጸሐፊውን ስም አስቀድሜ እናገራለሁ፤ የልጃችንንም። በየዓመቱ ይህን አደርጋለሁ፤ እስካለሁ ድረስ በዚህ አስታውስሃለሁ። ልጆቹ ማን እንዳጠፋ ይከራከሩ፤ መስመሩን አሳዩኝ እላቸዋለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ የሚፈርድ ካለም ቁጭ አደርገዋለሁ። ገና አሥራ ስድስት ገጽ ይቀራል እለዋለሁ።

ሚስትህ ይታይሽ